ከለንደን እስከ ጎባ፦ የጤና ትምህርት ወደ ደጃችን የመጣበት መንገድ



ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ የተነሳውን ክርክር ታስታውሱታላችሁ። ሥራዬ ነርስነት ነው፤ ዘንድሮ ጎባ ላይ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ በግሌ ከፍዬ ልጀምር ነው። ለመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ክፍያ ከማኅበራችን ብድር ጠየቅሁ። አንዲት የማከብራቸው እናታችን «ልጄ፣ ላም ትታለባለች፤ ዲግሪ አይታለብም» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ንግግራቸው እውነት አለበትና። ውሳኔው ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ ስለተላለፈ፣ እስከዚያው ይህ ትምህርት ከየት ተነስቶ እኛ ዘንድ እንደደረሰ ልጽፍላችሁ አሰብኩ።

ነገሩን ከልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ልጀምር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአባታቸው ጋር በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ፣ ለንደን ባለው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1931 ዓ.ም. የሙያ ምስክር ወረቀት አገኙ። ያን ጊዜ አንዲት ኢትዮጵያዊት ይህን ሙያ በወጉ ለመማር ባሕር መሻገር ነበረባት። አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሰው ማገልገል ጀመሩ። ዕድሜ ግን አልሰጣቸውም፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ለቀምት፣ የዛሬዋ ነቀምት ሳሉ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመታቸው አረፉ። የንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ ራሳቸውም ነርስ ነበሩ። በሰዓቱ የሚደርስ በቂ ሕክምና በሌለበት ግን ዘርም ሆነ ሙያ አላዳናቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኛ ማኅበር ቁም ነገር አለው። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ በአገሯ መዋጮ አሰባሰበች። ሆስፒታሉ በ1944 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። በውስጡም የነርሶች ትምህርት ቤት ነበረው። ሰው ከኪሱ ያዋጣው ገንዘብ ሕንፃ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ትምህርትም ሆነ።

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። እዚያ የጤና መኮንኖች፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ይሠለጥኑ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ ተጀመረ። ሁለተኛ ዲግሪ ግን ለረጅም ጊዜ ባሕር ማዶ ነበር። የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ይኸውም ቢሆን ከባሌ ለምትነሳ እናት ሩቅ ነበር፤ ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ወደየቀበሌያቸው ገቡ። በየቤታችን እየዞሩ ስለ ክትባትና ስለ እርግዝና ክትትል የመከሩን እነዚህ እህቶች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የማስተርስ ትምህርት ተከፈተ። ዲግሪ ያላቸው የጤና መኮንኖች ሦስት ዓመት ተምረው፣ ሐኪም በማይገኝበት ሆስፒታል ምጥ የጸናባትን እናት በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ቻሉ። ከደሎ መና ሐረናን አቋርጣ፣ የሳነቴን ብርድ ተሻግራ ወደ ጎባ የምትመጣን ወላድ ያየ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ይህን የማስተርስ ትምህርት ብቻውን አመጣው አልልም። መንገዱም፣ አምቡላንሱም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አሉበት። ነገር ግን ከእያንዳንዱ እርምጃ ጀርባ የተማረ ሰው አለ። 412ም ቢሆን ገና ብዙ ነው።

መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሮቤ ላይ ሲቋቋም፣ የጤናው ትምህርት ጎባ ሆስፒታልን ይዞ አደገ። ለንደን የነበረው ትምህርት በሚኒባስ 14 ኪሎ ሜትር ላይ ደረሰ ማለት ነው።

የቀረው መንገድ በየቤታችን ያለው ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ሌላ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኝ ነበር። ትንሿ ልጄ ያን ጊዜ የሦስት ወር አራስ ነበረች፤ ሳልሄድ ቀረሁ። ማንም አልከለከለኝም። የሚይዛት ሰው አልነበረም፤ ለቤት ኪራይና ለትራንስፖርትም አልነበረኝም። ከእኔ ጋር ያመለከተ ወንድ የሥራ ባልደረባዬ ሄደ፤ እሱም ሕፃን ልጅ ነበረው፤ ልጁን የያዘችለት ሚስቱ ናት። ዛሬ የመግቢያ ፈተናውን ማታ ማታ ልጆቼን አስተኝቼ አጥንቼ አልፌአለሁ። የሚጠብቀኝ የሁለት ዓመት ትምህርት፣ ስታቲስቲክስና የመመረቂያ ጥናት ነው። ጥናቴንም፣ ከፈቀዱልኝ፣ በዚሁ በባሌ ገጠር እናቶች ለምን ዘግይተው ወደ ጤና ተቋም እንደሚመጡ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ።

እናታችን እንዳሉት ዲግሪ በማግሥቱ አይታለብም። ስመረቅም የደመወዝ ጭማሪው ትንሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉባዔው እንዲወያይበት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ የትምህርት ብድር በዓመት ለአንዲት አባል ብቻ ይሰጥ፤ ሁለት ዋስ ታቅርብ፤ ከደመወዟ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየከፈለች በሁለት ዓመት ትጨርስ። ለላምና ለንግድ የተመደበውም አይነካ። ተበዳሪዋ በወር አንድ ቀን ለአባላት ስለ እርግዝናና ስለ ሕፃናት ጤና ታስተምር። ዘንድሮ ተራው የሌላ እህት ነው ከተባለ እቀበላለሁ፤ ደንቡ ግን ይጻፍ። ከእኔ በኋላ የሚመጡ አሉ፤ ከልጆቻችን መካከልም ጤና ኤክስቴንሽን የሚሠሩ አሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። በጉባዔው ቀን ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ እናታችንም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይሞግቱኝ።