ብብትን የሚጠብቅ ብረት

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ስስት ቢሆንም የጦር ሜዳ እውነትም አለበት። ሰይፍ የሚሰነዝር ወይም ጦር የሚወረውር ሰው ክንዱን ሳያነሣ መምታት አይችልም፤ ክንዱን ሲያነሣ ደግሞ ብብቱ ይጋለጣል። በብብት ውስጥ ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፤ ከእሱም አለፍ ብሎ ሳንባ አለ።

ይህ ጣጣ የአውሮፓን ብረት ሠሪዎች ብዙ አሳስቧል። በ15ኛው መቶ ዘመን ባላባቶቻቸው ከራስ እስከ እግር ብረት ይለብሱ ነበር፤ ክብደቱም ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይደርስ ነበር። ነገር ግን ብረት እንደ ጨርቅ አይታጠፍምና በትከሻና በደረት መካከል ክፍት ቦታ መተው ግድ ሆነ። መላው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ከውስጥ በሚለበሰው ጥብቆ ብብት ላይ የሰንሰለት ጥሩር ይሰፋል። ሁለተኛ፣ እንደ ትንሽ ሳህን ክብ የሆነ ብረት በጠፍር ታስሮ ከትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ይህ ብረት ከክንዱ ጋር እየተንቀሳቀሰ ክፍተቱን ይጋርዳል እንጂ እጅን አያስርም። ፈረሰኛው ጦሩን በቀኝ ብብቱ ሥር አጣብቆ ስለሚይዝ የቀኙ ትከሻ ብረት ተቀንሶ ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ክቡ ብረት ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚያ በኩል ነበር።

ጥሩር በኢትዮጵያም እንግዳ አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ጥሩር ስለለበሱ ፈረሰኞች ያወሳል። አብዛኛው ዘማች ግን ብረት አልነበረውም። ክንዱን ሲያነሣ ጎኑን የሚጋርድለት በግራ እጁ የያዘው የቆዳ ጋሻና የራሱ ንቃት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ካመጧቸው ስጦታዎች መካከል የደረት ብረት፣ የራስ ቁር፣ ሁለት ትናንሽ መድፎችና ሁለት በርሜል ባሩድ ይገኙ ነበር። ንጉሡ ግን በስጦታው ብቻ አልረኩም። ለፖርቱጋል ንጉሥ በላኩት ደብዳቤ መሣሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ጠየቁ። የፈለጉት ብረቱን ብቻ ሳይሆን የብረቱን ሥራ ጭምር ነበር።

ጊዜው ግን አልጠበቃቸውም። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ (ግራኝ) ድል ሆኑ። በ1541 ወደ 400 የሚጠጉ ነፍጠኞች ይዞ ምጽዋ የደረሰው ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማም በነጋታው ዓመት ወፍላ ላይ ክንዱን በጥይት ተመትቶ ተማረከ፤ ከዚያም ተገደለ። ኢማሙም በ1543 ወይና ደጋ ላይ በጥይት ወደቁ። ጩቤ በር ፈልጎ ይገባ ነበር፤ ጥይት ግን በር አይፈልግም። በአውሮፓም ቢሆን የነፍጥ ኃይል እየበረታ ሲሄድ ሙሉው የብረት ልብስ ቀስ በቀስ ከጦር ሜዳ ጠፋ።

ከላንድማርክ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ ባልቲሞር የሚገኘው የዋልተርስ ሙዚየም የአውሮፓ የጦር ልብስም የኢትዮጵያ መስቀልና ሥዕልም በስብስቡ ውስጥ አለው። መግቢያው ነጻ ነው። ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ወላጅ ስለ ዐፄ ልብነ ድንግል ጥያቄ ቢያጫውታቸው መልካም ነው። የሰው ስጦታ የሚሠራው በሰጪው ልክ ነው፤ የራስን ክፍተት በራስ ልክ የሚዘጋው ሙያ ነው።