ድንበር የተሻገረ ቃል
«ሽፍታ» የሚለው የአማርኛ ቃል ወደ ኬንያ ተሻግሮ ለአንድ ጦርነት መጠሪያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1962 የሰሜናዊው ጠረፍ አውራጃ ሶማሌዎች ከሶማሊያ ጋር ለመቀላቀል እንደሚሹ ለብሪታንያ መርማሪ ኮሚሽን ገለጹ፤ አውራጃው ግን በ1963 ነጻ በወጣችው ኬንያ ሥር ቀረ። በሞቃዲሾ የሚደገፉ አማፅያን መሣሪያ ሲያነሡ ናይሮቢ «ሽፍቶች» አለቻቸው።

በእኛ ዘንድ ቃሉ ሁለት ፊት አለው፤ ቀማኛውም፣ ተበድሎ ጫካ የገባውም ሽፍታ ይባላል። አፄ ቴዎድሮስም ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተው ነበር። ኬንያ የደረሰው ግን የመጀመሪያው ፍች ብቻ ነው። የፖለቲካው ጥያቄ ውንብድና ተብሎ በመጠራቱ ምላሹ ቅጣት ሆነ፤ አርብቶ አደሩ በታጠሩ መንደሮች ታጎረ፣ ከብቱና ግመሉ አለቀ።

በ1967 በአሩሻ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። በአካባቢው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ የተነሣው ግን በ1991 ነበር።