እንግዳ ተቀባይ ነን እንላለን፤ አስተናጋጇንስ ማን ተቀበላት?

የከተሞቻችን ሆቴሎች ሲነሡ የሚወራው ስለ ፎቁና ስለ ባለሀብቱ ነው። ስለ ሠራተኛው አያያዝ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ ትናንት የመጣ አይደለም።

ከግብር ቤት እንጀምር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. በጎጃም ሲነግሡ፣ ግብር ማብላት አንዱ የማስተዳደሪያ መንገድ ነበር። መስተንግዶው ሥርዓትና ማዕረግ ነበረው። አጋፋሪው እንግዳውን በደረጃው ያስቀምጣል። ጠጅ አሳላፊው መጠጡን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ያቀርባል፤ ጌታው ነፍሱን ያመነው ሰው ነውና ይከበራል። በየመሳፍንቱ ጓዳ ግን እህል ከሚፈጩትና ውሃ ከሚቀዱት ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። ክብሩ እንግዳው ፊት ለሚቆመው ብቻ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ከፈቱ። ሰው በገንዘብ መብላትን እንደ ነውር ስለቆጠረው፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተው ከፈሉ ተብሎ ይተረካል። ትረካው የሚያስተምረን እንግዳው መክፈል እንዳለበት ነው። ለሠራተኛው ምን ይከፈል የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አልተመለሰም።

ወደ ምዕራብ ጎጃም እንምጣ። ወጀት የምትባለው ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለችው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚያ ባለፉበት ጊዜ ነው። እሷም ሆነች ወደ ነቀምቴ መገንጠያ የሆነችው ቡሬ የመንገድ ከተሞች ናቸው። በእንዲህ ያሉ ከተሞች የመጀመሪያዋ የመስተንግዶ ነጋዴ ጣሳ በእንጨት ሰክታ በሯ ላይ የምታቆመው ጠላ ሻጭ ነበረች። ባለቤቷም፣ ጠማቂዋም፣ አስተናጋጇም ራሷ ናት። ሆቴል ሲመጣ ግን ባለቤትና አስተናጋጅ ተለያዩ። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከወንበርማ ገጠር የመጣች ልጅ ትሪ ያዘች፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አለቃ ደግሞ ሒሳብ መቀበልን አስተዳደር አደረገው።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ያዛል። በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስፍሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዝቅተኛውን ደመወዝ ግን አዋጁ በቁጥር አላስቀመጠም፤ የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም ብሎ አልፎታል።

ደመወዙ ሲያንስ ኑሮው በጉርሻ ላይ ይወድቃል። በክልሉ ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ መንገድ ተደጋግሞ ተዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ እንግዳ ይቀራል፤ እንግዳ ሲቀር ጉርሻ ይቀራል። የባለቤቱ ፎቅ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አስተናጋጇ የሚጠብቃት የቤት ኪራይ ነው።

ባለሆቴሎች ሆይ፣ መንገድ መክፈት በእጃችሁ እንዳልሆነ እናውቃለን። የሥራ ውልን በጽሑፍ መስጠት፣ የዕረፍት ቀን ማክበር፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛን ሰብስቦ መማከርና ሰክሮ የሚዳፈርን ደንበኛ ከሠራተኛዋ ፊት ዞር ማድረግ ግን በእጃችሁ ነው። የጠገበ እንግዳ አንድ ቀን አድሮ ይሄዳል። ነገ የሚመጣውን የምትቀበልላችሁ እሷ ናት።