ነቀርሳ፤ የሕመምተኛው ጭንቀትና የሐኪሙ ሸክም

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር)



ካንሰር ወይም ነቀርሳ ስለሚባለው በሽታ ሲነገር፥ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ቀዶ ጥገናው፥ ስለ ጨረሩና ስለ መድኃኒቱ ነው። ዳሩ ግን በሽታው የሚይዘው ሥጋን ብቻ አይደለም፤ የሚፈራ፥ የሚያስብና ስለ ልጆቹ የሚጨነቅ ሰውን ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን፥ የነቀርሳ ሕመምተኛን «ልብህስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ እንዴት እንደ ተጀመረ፥ የሚያክመውም ሰው የራሱን ኀዘን ከማን ጋር እንደሚካፈል ባጭሩ እናወሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የማደንዘዣ መድኃኒት ሳይታወቅ በፊት ነቀርሳን በቢላዋ ማውጣት ምን ያህል መከራ እንደ ነበረ ከሚመሰክሩት ጽሑፎች አንዱ፥ ፋኒ በርኒ የተባሉት እንግሊዛዊት ደራሲ ለእኅታቸው የላኩት ደብዳቤ ነው። እኒህ ሴት በ1811 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ጡታቸው ሲቈረጥ፥ ሥቃያቸውን የሚያስታግሥ ከጥቂት ወይን ጠጅ በቀር ምንም አልነበራቸውም። ደብዳቤውን ጽፈው ለመጨረስ ወራት ፈጀባቸው፤ የጻፉትንም መልሰው ለማንበብ አልደፈሩም። በዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ሥራው ተፈጽሞ ደራሲዋ ቀና ብለው ሲመለከቱ፥ በናፖሌዎን ሠራዊት ውስጥ ስሙ የገነነው ሐኪም ላሬ፥ ፊቱ እንደሳቸው ገርጥቶ፥ ኀዘንና ድንጋጤ ሞልቶበት አዩት። እንግዲህ በጦር ሜዳ ብዙ ቍስለኛ ያየው ሰው እንኳ ከሕመምተኛዋ ጋር ታሞ ነበር ማለት ነው። ፋኒ በርኒ ከዚህ በኋላ እስከ 1840 ዓ.ም. በሕይወት ኖሩ።

በ1846 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በሕዝብ ፊት ከተሞከረ ወዲህ የቢላዋው ሥቃይ እየቀለለ ሄደ። ከዚያም በኋላ ጨረርና ልዩ ልዩ መድኃኒት ተጨመረ። ነገር ግን ዝምታው እንዳለ ቀረ። የነቀርሳ ስም የሚያሳፍርና የሚያስፈራ ስለ ነበረ፥ በአሜሪካና በአውሮፓ ጋዜጦች በዚህ በሽታ ስለ ሞተ ሰው ሲጻፍ «ከረዥም ሕመም በኋላ ዐረፈ» ተብሎ ብቻ ይታለፍ ነበር።

ሐኪሞችም ከዚህ ልማድ የወጡ አልነበሩም። በ1961 ዓ.ም. በሺካጎ ከተማ 219 ሐኪሞች ተጠይቀው፥ ከመቶው 90 ያህሉ የነቀርሳን ነገር ለሕመምተኛው አለመንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። ይህን ያደረጉት ከክፋት አልነበረም፤ ተስፋው እንዳይቈረጥ በማሰብ ነው እንጂ። ከ18 ዓመት በኋላ፥ በ1979 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጥያቄ ለሌሎች አሜሪካውያን ሐኪሞች ሲቀርብ፥ ከመቶው 97ቱ መንገርን እንደሚመርጡ ተናገሩ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ የሐሳብ ለውጥ መድረሱ የሚያስደንቅ ነው። ለውጡን ያመጣው የመድኃኒቱ መሻሻል ብቻ ሳይሆን፥ ሕመምተኞች አፋቸውን መክፈታቸው፥ ጥቂት ሰዎችም ቁጭ ብለው ማዳመጣቸው ጭምር ነው።

ከነዚህ ጥቂት ሰዎች አንዷ እንግሊዛዊቷ ሲሲሊ ሳንደርስ ናቸው። እኒህ ሴት አስቀድመው አስታማሚ ነበሩ፤ ቀጥሎም በሆስፒታል የሕመምተኞችን የኑሮ ችግር የሚከታተሉ ሠራተኛ ሆኑ። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ፥ ከፖላንድ ተሰዶ በሎንዶን የሚኖር ዴቪድ ታስማ የተባለ ሰው በነቀርሳ ታሞ አገኙት። ሰውየው ዘመድ አልነበረውም፤ ኖሮ ምንም ሥራ ያልሠራ መስሎ ይታየውና ያዝን ነበር። ሁለቱም ሰዎች ከሞት አጠገብ ያሉ ሕመምተኞች ያለ ሥቃይና ያለ ብቸኝነት የሚያርፉበት ቤት ቢኖር እያሉ ይነጋገሩ ጀመር። ታስማ በ1948 ዓ.ም. ሲሞት 500 ፓውንድ አወረሳቸው፤ ገንዘቡም ለዚያ ቤት አንድ መስኮት ይሁን አለ። መስኮቱ ተገኘ፥ ቤቱ ግን ገና አልነበረም። ሲሲሊ ሳንደርስ ሕክምና ተምረው በ1957 ዓ.ም. ሐኪም ሆኑ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ በደቡብ ሎንዶን ተከፈተ። በመስኮቱ ዙሪያ ቤቱን ለመሥራት 19 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ዶክተር ሳንደርስ ለሕክምና ያበረከቱት ትልቅ ሐሳብ «ሁለንተናዊ ሥቃይ» የሚሉት ነው። አንዲት ሕመምተኛ ምን እንደሚያማት ስትጠየቅ፥ ሕመሙ ከጀርባዋ እንደ ጀመረ ከተናገረች በኋላ፥ ባሏና ልጇ እሷን ሲያስታምሙ ከሥራቸው እንደሚቀሩ፥ ገንዘቡም እንደሚያልቅ፥ የሚረዳትም ሰው እንደሌለ ዘርዝራ፥ አሁን ሁለንተናዋ የታመመ እንደሚመስላት አስረዳቻቸው። ከዚህም የተነሣ ሐኪሟ፥ የሥጋ ሥቃይ፥ የልብ ጭንቀት፥ የቤተ ሰብ ችግርና የመንፈስ ጥያቄ አንድ ላይ የተገመደ ገመድ ስለሆነ፥ አንዱን ክር ብቻ በመፍታት ሰውን ማሳረፍ እንደማይቻል አስተማሩ።

በአሜሪካም ዶክተር ጂሚ ሆላንድ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም ይህንኑ መንገድ ያዙ። ባለቤታቸው የነቀርሳ ሐኪም ስለ ነበሩ፥ ስለ ሕመምተኛው ደምና ሳንባ ሁሉ ሲመረመር፥ ልቡ እንዴት እንዳለ ግን የሚጠይቅ አለመኖሩን አስተዋሉ። በ1977 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የነቀርሳ ሆስፒታል ይህን ሥራ የሚሠራ ክፍል መምራት ጀመሩ፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ ሙያ የተሠማሩ ሰዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ። ሕመምተኞች «የአእምሮ ሕመም» የሚለውን ስም ስለሚያፍሩበት፥ እሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጭንቀት» የሚለውን ተራ ቃል መረጡ። እንደ ሙቀት መለኪያ ሆኖ ከ0 እስከ 10 ምልክት ያለው ሥዕልም ተዘጋጀ። ሕመምተኛው የጭንቀቱን መጠን በዚያ ላይ ያመለክታል፤ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፥ ምን እንዳስጨነቀው በጥሞና ይጠየቃል። ዶክተር ሆላንድ ሌላም ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል፤ ይኸውም ሕመምተኛን «ደስ ይበልህ፥ ካዘንህ አትድንም» እያሉ ማስገደድ፥ በበሽታው ላይ በደለኛነትን መጨመር ነው የሚል ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሕመምተኛው ነው። ሐኪሙንስ ማን ያጽናናው? በቦስተን የሚኖሩ ኬኔት ሽዋርትዝ የተባሉ የሕግ ዐዋቂ በ1994 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸው፤ በማግሥቱም ዓመት በ40 ዓመታቸው ዐረፉ። ከመሞታቸው በፊት በጋዜጣ በጻፉት ጽሑፍ፥ የማይቻለውን ያስቻላቸው የአስታማሚዎችና የሐኪሞች ትንንሽ ደግነት መሆኑን መሰከሩ። ነገር ግን ደግነት የሚቀዳው ካልደረቀ ምንጭ ነው። ስለዚህ በስማቸው የተቋቋመው ድርጅት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሐኪሞች፥ አስታማሚዎችና ሌሎች የሆስፒታል ሠራተኞች በየጊዜው እየተሰበሰቡ፥ ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን፥ ሥራው በልባቸው ላይ ስላሳደረው ኀዘንና ፍርሃት የሚነጋገሩበትን ጉባኤ አስጀመረ። የላሬ የገረጣ ፊት የሚታይበት ቦታ ያገኘው ያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፥ ይህ ታሪክ ለኛም ይነግረናል። በአገራችን ልማድ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ፥ ሽማግሌ ቀድሞ፥ የሚደግፍ ክንድ ሳይጠፋ ይነገራል። ስለ ሞት ሲነገር እንዲህ የሚጠነቀቀው ሕዝባችን ግን፥ የነቀርሳ ነገር ሲሆን ሐኪሙን «ለሱ አይንገሩት፤ ለኛ ይንገሩን» ብሎ ይለምናል። ሕመምተኛውም ቢሆን ከቀላው ዓይን፥ ሲገባ ከሚቋረጠው ጨዋታ፥ በድንገት ከገጠር ከመጣው ዘመድ ነገሩን ይረዳዋል፤ እነሱን ላለማስጨነቅም ያላወቀ መስሎ ይተኛል። እንዲህ ሆኖ በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቃል፥ ማንም ግን አይናገርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ተረት ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚውም የተነገረ ነው።

ይህ ሲባል እውነቱ ሁሉ በአንድ ቀን፥ በመተላለፊያ ላይ ይወርወር ማለት አይደለም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ሕመምተኛው ራሱ ይጠየቅ፤ የሚወደው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፤ ከተነገረውም በኋላ አይተውት። በአዲስ አበባ በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕመምተኞችን እቤታቸው ድረስ እየሄደ መርዳቱ፥ ይህ ሥራ በኛም አገር ሊሠራ እንደሚቻል ያሳያል። ሐኪሙም ክፉ ወሬ ተናግሮ ወደ ሚቀጥለው አልጋ ሲያልፍ፥ ልቡ ድንጋይ እንዳልሆነ እናስብለት፤ የሥራ ጓደኛውም «አንተስ እንዴት ዋልህ?» ይበለው።

መርዶ የመንገር ሥርዓታችን ለሞተው ሰው ዘመድ ያስተማረንን ርኅራኄ፥ ገና በሕይወት ላለው ሕመምተኛ እንዳንነፍገው አደራ እያልሁ፥ የዛሬውን ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ።