ወጋጎዳ፦ ለእያንዳንዱ አንድ ፊደል

ቃሉን በፊደላችን ጻፉት፤ ወጋጎዳ። ወ ለወላይታ፣ ጋ ለጋሞ፣ ጎ ለጎፋ፣ ዳ ለዳውሮ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ፊደል። እኩልነት እኩል ማካፈል ከሆነ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?

በ1992 ዓ.ም. ግን በዚህ ቃል ሰበብ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ሰው ሞቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራቱም ሕዝቦች ያኔ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበሩ፤ ዋና ከተማው አርባ ምንጭ። ቋንቋዎቻቸው በጣም ስለሚቀራረቡ ባለሥልጣናቱ ቀላቅለው አንድ የጽሑፍ ቋንቋ አወጡና የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙበት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ብኖር ሳልደግፈው አልቀርም ነበር። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ አንድን ነገር አራት ጊዜ መጻፍ እኛ ዘንድ ነውር ነው። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ የመምህራን ሥልጠና፣ በቃ።

ወላይትኛ ግን በ1971 ዓ.ም. ለተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዋሉት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በኋላም ልጆች አንደኛ ደረጃ ተምረውበታል። አሁን ደግሞ የማንም እናት ቤቷ ውስጥ የማትናገረውን ቋንቋ አንብቡ ተባሉ። የተቃወሙ መምህራን ከቦታቸው ሲነሱ ተማሪውም ሕዝቡም አደባባይ ወጣ፤ ጥይት ተተኮሰ፣ ብዙዎች ታሰሩ።

ጆን ሮልስ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፍትሕ መጽሐፉ አንድ መፈተኛ አለው፦ ማን እንደምትሆን ሳታውቅ ሕጉን አውጣ። ወጋጎዳን በዚህ ስፈትነው መጀመሪያ አለፈ! ጎፋ ልሁን ወላይታ ካላወቅሁ፣ ቅልቅሉ ማንንም አያስከፋኝም። ችግሩ፣ መጋረጃው የሚደብቅብኝ ራሱ ሰው የሞተለትን ነገር መሆኑ ነው። ደግነቱ ሮልስ ሰው ለራሱ ያለውን ክብር ምናልባት ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህን ስጨምርበት ወደቀ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የእናቴ ቋንቋ ለወጪ ቅነሳ ሲባል ይቀላቀል ብዬ አልፈርምም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5ም ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል እንጂ ይቀላቀሉ አይልም።

መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ዛሬ አራቱም ፊደሎች አራት ዞኖች ናቸው፤ ዳውሮ እንዲያውም ሌላ ክልል ውስጥ ነው። ሦስቱ ያሉበት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫው ሶዶ ነው፤ ቢሮ ውስጥ የሚሠራው ግን በአማርኛ።