የ54ኛው የማሳቹሴትስ ወዶ ዘማች ጦር ዜና መዋዕል

የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ በባርነት ነገር ተለያይቶ እርስ በርሱ ከተዋጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን አዋጅ አስነገሩ። በዐመፁት ግዛቶች ያለ ባሪያ ሁሉ ነፃ ይሁን፣ ጥቁር ሰውም ከሠራዊቱ ይግባ አሉ። ዘመኑ በእኛ ቁጥር 1855፣ ዘመነ ሉቃስ ነበር። ባለ ታሪኮቹ ግን ዘመናቸውን የሚቆጥሩት በራሳቸው ነውና ይህ ዜና በእነርሱ አቆጣጠር ይሄዳል፤ አዋጁ የወጣው በ1863 ጃንዩወሪ 1 ቀን ነው።

በዚያው ወር በ26ኛው ቀን የማሳቹሴትስ አገረ ገዢ ጆን አንድሩ ከጦር ሚኒስትሩ ከኤድዊን ስታንተን ፈቃድ ተቀብለው የጥቁር ወዶ ዘማች እግረኛ ጦር ማቋቋም ጀመሩ። በግዛታቸው ጥቁር ሰው ጥቂት ነበርና መልማዮች ወደ ፔንሲልቬንያ፣ ወደ ኦሃዮ፣ ወደ ኒውዮርክ፣ እስከ ካናዳም ድረስ ሄዱ። ከባርነት አምልጠው በአንደበታቸውና በብዕራቸው የታወቁት ፍሬድሪክ ዳግላስም ወገናቸውን ክተት አሉ። የሰውን ልጅ አዝምተው የራሳቸውን አላስቀሩም፤ ሉዊስንና ቻርልስን ሰጡ። ገበሬው፣ መርከበኛው፣ ጸጉር ቆራጩ፣ ጋሪ ነጂው ሁሉ ከቦስተን አጠገብ ሬድቪል በተባለ ቦታ ሰፈረ። መኮንን ሆኖ የተሾመባቸው ግን ነጭ ብቻ ነበር። አዛዡ ኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾው የ25 ዓመት ጎልማሳ፣ ባርነትን የሚጠሉ የባለጠጋ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሹመቱን በመጀመሪያ እንቢ ብሎ፣ ኋላ አስቦበት ተቀበለ።

የደቡቡ ምክር ቤትም ይህን በሰማ ጊዜ በሜይ 1 ቀን ሕግ አወጣ። ጥቁር ወታደር የሚያዝዝ ነጭ መኮንን ቢማረክ ይገደል፣ ወታደሩም በየግዛቱ ሕግ ይዳኝ አለ። ያ ሕግ ለጥቁር ሞት ወይም ባርነት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። እነርሱ ግን ይህን ሰምተው አልተበተኑም። በሜይ 28 ቀን አንድ ሺህ ያህል ሆነው በቦስተን ጎዳና ከበሮ እየተመታ አለፉ፤ ሕዝቡም እልል እያለ ሸኛቸው፤ በመርከብም ወደ ደቡብ ካሮላይና ወረዱ።

የመጀመሪያ ሥራቸው የሚያኮራ አልነበረም። በጁን 11 ቀን ዴሪየን የምትባል የጆርጂያ ከተማ ባዶዋን ሳለች፣ በኮሎኔል ጄምስ ሞንትጎመሪ ትእዛዝ ተዘርፋ ተቃጠለች። ሾው በዚህ ነገር እጅግ ተቆጣ። ጌታውን ለማወደስ የተቀመጠ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ቀን ይዘላል፤ እኛ ግን አንዘልም።

በጁላይ 16 ቀን በጄምስ ደሴት ጠላት ማልዶ በመጣባቸው ጊዜ ጸንተው ተዋጉ፤ ሊከበብ የነበረውንም የኮኔቲከት 10ኛ ጦር አዳኑ። ያንን ሌሊት በዝናብና በጭቃ ረግረጉን ሲያቋርጡ አነጉ፤ ስንቅም አልነበራቸውም። በ18ኛው ቀን፣ በቅዳሜ፣ በእኛ ሐምሌ 12 ሚካኤል ማለት ነው፣ የቻርልስተንን ወደብ የሚጠብቀውን የዋግነርን ምሽግ እንዲመቱ ተመረጡ። ምሽጉ የአሸዋና የግንድ ነው። መርከቦቹና መድፎቹ ቀኑን ሙሉ ሲደበድቡት ዋሉ፤ ጄኔራሎቹም ሰው አልቀረበትም ብለው አሰቡ። የምሽጉ ሰው ግን ከመሬት በታች ተሸሽጎ ነበር።

ጄኔራል ጆርጅ ስትሮንግ ግንባር ቀደሙን ትሆናለህ ወይ ብለው ሾውን ቢጠይቁት እሺ አለ። ሲመሽ 600 ያህል ሆነው ሳንጃቸውን ሰክተው ገሠገሡ። መንገዱ በባሕርና በረግረግ መካከል ጠቦ ሰልፉን አጨናነቀው፤ ሲቀርቡም እሳት ዘነበባቸው። ውኃ የሞላውን ጉድጓድ ተሻግረው በአሸዋው ወጡ፤ ሾውም ከግንቡ አናት ላይ ሰይፉን እንደያዘ ወደቀ። ሰንደቅ ተሸካሚው በወደቀ ጊዜ በቨርጂንያ በባርነት የተወለደው ሃምሳ አለቃ ዊልያም ካርኒ ሰንደቁን አንሥቶ ከግንቡ ላይ አቆመው። ቆስሎ እየዳኸ ተመለሰ፤ ሰንደቁንም መሬት አላስነካም። ለዚህ ሥራው የተሰጠው የክብር ሜዳይ በእጁ የገባው በ1900 ነው፤ ከ37 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የበላይ መኮንኖች ሁሉ ስለ ወደቁና ስለ ቆሰሉ የተረፈውን ጦር የሰበሰበው ሻምበል ሉዊስ ኤሚሊዮ የ18 ዓመት ልጅ ነበር።

ከእነርሱ 272 ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ። ተከትለው የመጡት የነጮች ጦሮችም ተመለሱ፤ የዚያ ሌሊት ጉዳት በጠቅላላው 1,515 ነው። ደቡቦቹ ሾውን ለማዋረድ ከወታደሮቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ ቀበሩት። አባቱ ግን አስከሬኑ እንዳይነሣ ጻፉ፤ ከወታደሮቹ ጋር መተኛቱን ክብር አድርገው ቆጠሩት። በ1897 በቦስተን በቆመው ሐውልት ላይ የሞቱት መኮንኖች ስም ተቀረጸ፤ በዋግነር የወደቁት ጥቁር ወታደሮች ስም የተጨመረው በ1980ዎቹ ነው።

ስለ ዋግነር ብዙ ተጽፏል። ለዚህ ጸሐፊ ግን ከእሳቱ ሌሊት ይልቅ የደመወዙ ነገር ይበልጥበታል፤ እሳቱ በአንድ ሌሊት አለፈ፣ ይኸኛው ግን ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። በምልመላ ጊዜ እንደ ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ተብለው ነበር። ከፋዩ በመጣ ጊዜ ግን 10 ዶላር፣ ከዚያም ስለ ልብስ 3 ተቀንሶ 7 ዶላር ነው አላቸው። ሃምሳ አለቃውም ሰባት፣ ተራውም ሰባት። አንቀበልም አሉ። ከፋዩ ተመላልሶ መጣ፤ እነርሱም ተመላልሰው እንቢ አሉ። ማሳቹሴትስ የጎደለውን ከግምጃ ቤቱ ልሙላ ብሎ ብር ይዘው የመጡ ሰዎች ላከ፤ ይህንንም መለሱ። የፈለጉት ስድስቱን ዶላር ብቻ ቢሆን ኖሮ በተቀበሉት። በቤታቸው ሚስትና ልጅ እየተራበ፣ ራሳቸው በነፃ እየቆፈሩና እየተዋጉ፣ ጠመንጃቸውን ሳይጥሉ ጠበቁ። በሌላ ጦር፣ በደቡብ ካሮላይና 3ኛ፣ ስለ ደመወዝ መሣሪያ ያስቀመጠው ሃምሳ አለቃ ዊልያም ዎከር በዐመፅ ተከሶ በ1864 ተረሽኗልና፣ የሚረግጡት ገመድ ቀጭን ነበር።

አሥር አለቃ ጄምስ ሄንሪ ጉዲንግ በሴፕቴምበር 28 ቀን 1863 ለሊንከን ደብዳቤ ጻፈ፤ እኛ ወታደሮች ነን ወይስ የቀን ሠራተኞች ብሎ ጠየቀ። ይህ ሰው በፌብሩወሪ 20 ቀን 1864 በፍሎሪዳ በኦለስቲ ጦርነት ቆስሎ ተማረከ። በዚያ ቀን ሰሜኖቹ ተሸንፈው ሲሸሹ 54ኛው ኋላ ቀርቶ ጠላትን ገታ፤ ወደ ውጊያው ሲገቡም የማሳቹሴትስን ስምና ሰባቱን ዶላር እየጠሩ ፎከሩ። ቁስለኛ የጫነው ባቡር በተበላሸ ጊዜም ገመድ አስረው በጉልበታቸው ጎተቱት።

እኩል ደመወዝ ይከፈል የሚለው ሕግ የወጣው በጁን 15 ቀን 1864 ነው። ጉዲንግ በጁላይ 19 ቀን በአንደርሰንቪል የምርኮኞች ሰፈር ሞተ፤ ብሩን አላየውም። ሕጉም ሌላ እሾኽ ነበረበት፤ ያለፈው ደመወዝ የሚከፈለው ከ1861 አፕሪል 19 ቀን ጀምሮ ነፃ ለነበረ ብቻ ነው አለ። ሾውን የተካው ኮሎኔል ኤድዋርድ ሃሎዌል ለዚህ ብልሃት አገኘ። እያንዳንዱ ሰው ከዚያ ቀን በፊት የማንም የጉልበት ዕዳ እንዳልነበረበት ይማል አለ። አምልጦ የመጣውም እጁን አንሥቶ ማለ፤ ባሪያ ያደረገው ሰው በጉልበቱ ላይ መብት ነበረው ብሎ ከቶ አያምንምና ሐሰት አልማለም። በመከር ወራት ብሩ መጣ፤ ሰፈሩም በዘፈን አደረ።

ከዚያ በኋላ በኖቬምበር በሃኒ ሂል ተዋጉ፤ በ1865 ፌብሩወሪ ቻርልስተን ገቡ፤ የደቡቡ አዛዥ ጄኔራል ሊ እጁን ከሰጠ ዘጠኝ ቀን በኋላም በቦይኪን ወፍጮ ተዋግተው አንድ መኮንን ሞተባቸው። በሴፕቴምበር 2 ቀን በቦስተን ተሰልፈው ተሰናበቱ። ካርኒ በኒው ቤድፎርድ ፖስታ አመላላሽ ሆነ። ስቲቨን ስዌይልስ የተባለውን፣ በኦለስቲ ጭንቅላቱን የቆሰለውን፣ አገረ ገዢው መኮንን ቢያደርጉት የጦር ሚኒስቴር በጥቁር ደሙ ምክንያት አንድ ዓመት ያህል አስጠብቆ በ1865 ጃንዩወሪ ፈቀደለት። እርሱም በወጋት በደቡብ ካሮላይና ተቀምጦ ከግዛቷ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኖ ዐሥር ዓመት ያህል አገለገለ። በ1878 የነጮች ማስፈራሪያ ከዚያ አስወጣው።