ምስክርና ክህነት በጅጅጋ



በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት የሚቆመው ሰው ሁሉ በአንድ በር አይገባም። አንዱ በር ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው አንብሮተ እድ ነው። በትምህርቱ በር የገባው ደብተራ፥ ድጓን በቤተልሔም ወይም ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ አስመስክሮ በቅኔ ማኅሌት ይዘምራል፤ ደቀ መዛሙርትንም ያስተምራል። ይሁን እንጂ የመምህሩ ምስክርነት ብቻውን ወደ መቅደስ አያስገባውም። በመቅደስ የሚያገለግሉት ጳጳስ እጁን የጫነባቸው ዲያቆንና ቄስ ናቸው። ዲያቆኑ ለቅስና የሚበቃው በቁርባን ካገባ ወይም ከመነኰሰ በኋላ ነው። ቄሱ ሚስቱ ሞታበት ሁለተኛ ቢያገባ ክህነቱን ያጣል፤ ዕውቀቱ ግን አይወሰድበትምና በማኅሌት ሊያገለግል ይችላል።

ለቅዳሴ በሥርዓቱ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ በሊቃውንት የተሞላ ደብር እንኳ ካህን ቢጐድለው ቅዳሴው ይታጐላል።

ይህ ሥርዓት ለጠረፍ ከተማ እንዴት ይከብድ እንደ ነበረ ከጅጅጋ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1908 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን በዕቅድ ሲያሠሩ፥ የኢትዮጵያ ጳጳሳት ከእስክንድርያ የሚላኩ ግብፃውያን ነበሩ። የአቡነ ማቴዎስም መንበር በአዲስ አበባ ነበረ። እርሳቸው በ1919 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አቡነ ቄርሎስ እስከ ተተኩበት እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ መንበሩ ባዶ ሆኖ ቈየ። ዲቁና የሚሻ የጠረፍ ልጅ የመንገዱ ርቀት ሳያንሰው፥ የእስክንድርያን ውሳኔ ደግሞ መጠበቅ ነበረበት ማለት ነው።

በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በካይሮ ጳጳሳት ሆነው ተሾሙ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሌሎች ሲሾሙ አቡነ ቴዎፍሎስ የሐረር ጳጳስ ሆኑ። ጅጅጋም በ1941 ዓ.ም. መግቢያ ከእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ወጥታ ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ እጅ የሚጭነው አባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ በሐረር ይገኝ ነበር። በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ ሲሆኑ፥ የሹመቱ ሥልጣን በሙሉ በአገር ውስጥ ጸና።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በጅጅጋ ሁከት በተነሣ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትም ተገደሉ። የተቃጠለ ሕንፃ በምእመናን መዋጮ እንደገና ይሠራል። የሞተ ቄስ ግን ከነመዓርጉ የሚተካው ከብዙ ዓመት ትምህርት፥ ከቁርባን ጋብቻ ወይም ከምንኵስና፥ ከጳጳስም እጅ በኋላ ነው።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በአንድ የሹመት ደብዳቤ ከወንበር ወደ ወንበር እንዛወራለን። ነገ ተዛውረን በጅጅጋ ወይም በቀብሪ በያህ ብንሠራ፥ በአካባቢው ለሚያገለግሉ ካህናት ጸጥታ መጠበቅ የሥራችን ክፍል መሆኑን እናስብ። የአንዱ ካህን ቦታ ባዶ ሲቀር፥ የሚታጐለው የብዙዎች ጸሎት ነውና።